«ገመናዬን ለማላውቀው ሰው አልዘረግፍም» ላለው ወንድምሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። ቸኩዬ እንዳልመልስልሽ ብዬ አሳደርኩት። ወንድምሽ 34 ዓመቱ ነው፤ አረቄ ከለመደ አሥር ዓመት አልፎታል። ባለፈው ወር «በቃ ይተወዋል» ብላችሁ ቤት ቆለፋችሁበት፤ በማግስቱ ማታ አንዘፍዝፎት ወደቀ። ሐኪሙ ተኝቶ እንዲታከም፣ ከዚያ በኋላ የቡድን ሕክምና እንዲከታተል አዟል። እሱ «ገመናዬን ለማላውቀው ሰው አልዘረግፍም» ይላል። እናታችሁ ጸበል ይሂድ ይላሉ። አንቺ ደግሞ «ሰው ክብ ሠርቶ ስላወራ ሱስ ይለቃል ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽ።

እኔ መጠጥ ካቆምኩ ስድስት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ሐኪም አይደለሁም። እዚያ ክብ ውስጥ ተቀምጬ ከመጠጥ የወጣሁ ሰው ነኝ።

ወደ ጥያቄሽ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ሁለተኛ ቤት ቆልፋችሁ እንዳታስቆሙት። በፍቅር እንዳደረጋችሁት አውቃለሁ፤ የኔም ቤተሰብ አድርጎታል። ነገር ግን ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሊሞት ይችላል።

ዶክተሩ ለኔ ሲያስረዳኝ «አንድን በር ሁለት ሰው ከሁለት ወገን ሲገፋው አስብ» አለኝ። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። አንጎል ደግሞ እንዳይተኛ በወዲያ በኩል ይገፋል። ዓመታት ሲደራረቡ ሁለቱም ባላቸው ጉልበት እየተገፋፉ በሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አልኮሉ ድንገት ሲነሳ ያኛው በግንባሩ ይደፋል። መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ይሄ ነው። ማንዘፍዘፉ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይመጣል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት ሊከተል ይችላል። ገዳዩ እሱ ነው። ሆስፒታል ሲተኛ እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት ይሰጡትና ቀስ እያሉ ይቀንሱለታል። አንጎሉ እንዳይጎዳ ቫይታሚን ቢ 1 ይሰጡታል። አንድ ጊዜ ያንዘፈዘፈው ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ ተኝቶ ይታከም ያለው ሐኪም ልክ ነው።

ስለ ጸበሉ እናታችሁን አትጣሏቸው። እኔም ተጠምቄአለሁ፤ ዛሬም እጠመቃለሁ። የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። እነዚያን የመጀመሪያ ቀናት ሐኪም እያየው ይለፋቸው። ከዚያ እናቱ ይዘውት ይሂዱ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

አሁን ወደ ገመናው ልምጣ።

የኔ ነገር የጀመረው በጫት ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለጥናት ብዬ፣ ሥራ ስይዝ ደግሞ ከቢሮ በኋላ በርጫ ላይ። የመረቀነ ሰው እንቅልፍ የለውም፤ ስለዚህ ጨብሲ ይመጣል። ምርቃናውን ለመስበር ሁለት ቢራ። ከዚያ አራት። ከዚያ ጂን። ደሞዙ ለጂን አልበቃ ሲል አረቄ ገባሁ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ጫቱን ራሱ ትቼው ነበር፤ ጨብሲው ብቻ ቀረ።

መጀመሪያ አካባቢ ፍልሰታን ሙሉ ሳልቀምስ እጾም ነበር። «ሱሰኛ ብሆን 15 ቀን እችል ነበር?» እያልኩ ከሚስቴ ጋር እሟገታለሁ። ጾሙ ሲፈታ የ15 ቀኑን በአንድ ምሽት እጠጣዋለሁ። ኋላ ኋላ ግን ሦስት ቀንም አልቻልኩም። ጠዋት ሳልጠጣ ፊርማዬን መፈረም አቃተኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ፊርማዬ የእንጀራዬ ነገር ነው።

አረቄ መልኩ እንደ ውሃ ስለሆነ በሃይላንድ እያደረግኩ ከአልጋው ሥር አስቀምጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአራት ዓመት ልጄ ውሃ ጠምቷት አነሳችው። ክዳኑን በጥርሷ ስትታገል ደረስኩባት። ቀማኋት። አለቀሰች። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ። አልደፋሁትም። ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ እሷ ውጭ እያለቀሰች ጠጣሁት።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ንስሐ አባቴ ጋ ስሄድ «አልፎ አልፎ እቀምሳለሁ» ነበር የምለው።

ዘጠኝ ቀን ተኝቼ ስወጣ ሰውነቴ ጸድቷል፣ ራሴ ግን ያው ነኝ። ይሄን ብዙ ቤተሰብ አይረዳውም። «ተኝቶ ወጣ፣ ዳነ» ይላሉ። ከታክሲ ወርጄ ቤቴ እስክደርስ ሰባት ግሮሰሪ አለ። ከ2011 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የመጠጥ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ወጥቷል፤ ከሰፈሬ ግን አልወጣም። የሁሉም ባለቤት ስሜን ያውቃል።

ቡድኑ ማክሰኞና ዓርብ ነበር። ጠባብ ክፍል፣ ስምንት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ። የምትመራን አንዲት ሲስተር ነበረች። ሕጓ ጥቂት ነው። እዚህ የተወራ እዚህ ይቀራል። ጠጥቶ የመጣ ይመለሳል፣ በሚቀጥለው ግን ይመጣል። «እንዲህ አድርግ» ማለት ክልክል ነው፤ «እኔ እንዲህ ሆኜ ነበር» ማለት ይቻላል።

ሦስት ጊዜ ያህል ዝም ብዬ ሄድኩ። በአራተኛው፣ ጋሼ የምንላቸው የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ ሰው ተናገሩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሀራራው ቀስቅሷቸው ጠርሙሱን ፈለጉ። የደበቁት ራሳቸው ናቸው፤ ሰክረው ስለነበር የት እንዳደረጉት ጠፋቸው። ቁም ሳጥን አዩ፣ ምጣድ ሥር አዩ። ሲያጡት ልጃቸውን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው «ሰርቀሃል» ብለው መቱት። ጠርሙሱ በማግስቱ ከራሳቸው ቦት ጫማ ውስጥ ተገኘ። ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። እጃቸው ግን የሻይ ብርጭቆውን ያዞረው፣ ያዞረው ነበር።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ስለ ሃይላንዱ ተናገርኩ። ልጄን፣ ክዳኑን፣ ሽንት ቤቱን። ማንም «ውይ!» አላለም። ማንም አልመከረኝም። አንዲት ወጣት ልጅ ብቻ «የኔ ሽቶ ጠርሙስ ውስጥ ነበር» አለች። ያን ሌሊት ከብዙ ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ወንድምሽ ገመና የሚለውን ነገር አቃልዬ አላየውም። የኛ አገር ሰው ስሙን ይወዳል። ግን ጠጪ ሰው የሚደክመው በመጠጣቱ ብቻ አይደለም፤ ሲደብቅ ነው የሚውለው። የት ደበቅኩ፣ ለማን ምን አልኩ፣ አፌ ይሸታል፣ ማን አየኝ። ኀፍረቱ ያንገበግባል። ማንገብገቡን የሚያስተኛው ደግሞ ያው መጠጥ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለሱስ ቃል በቃል ነው የሚሠራው። ለእናንተ ሊናገር አይችልም፣ ምክንያቱም ፊታችሁ ላይ የሚያየውን ኀዘን አይችለውም። የማያውቃቸው ሰዎች የሚጠቅሙት ለዚህ ነው። አልጎዳቸውም፣ አልተበደራቸውም፣ ቃል ገብቶ አላፈረሰባቸውም።

ደግሞም እዚያ መዋሸት አይቻልም። እናንተን «ደህና ነኝ» ብሎ ይሸውዳችኋል። እነሱ ግን ያንኑ ውሸት ራሳቸው ስለዋሹት ያውቁታል። በሦስተኛው ወር ለአጎቴ ልጅ ሰርግ ልሄድ ነው፣ ችግር የለብኝም ብዬ ተናገርኩ። ያቺው የሽቶ ጠርሙሷ ልጅ «ከማን ጋ ነው የምትቀመጠው?» አለችኝ። ከአጎቶቼ ጋ። «ውስኪ ይዘው ሲመጡ ምን ትላለህ?» አልጠጣም እላለሁ። «በል እስኪ አሁን በለው» አለች። ጋሼ ተነስተው አጎቴን ሆኑ። የሻይ ብርጭቆውን አፌ ድረስ አምጥተው «በሞቴ! አንድ ብቻ! ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ? አፈር ስሆን!» አሉኝ። አምኜሽ ልናገር፣ ሻይ መሆኑን እያወቅኩ እጄ ተዘረጋ።

ሁሉም አየው። እኔም አየሁት።

ከዚያ አምስት ስድስት ጊዜ ደጋገምነው። «መድኃኒት ላይ ነኝ» ብዬ አጭር መልስ እንድሰጥ፣ ምክንያት እንዳላበዛ፣ ገና ስገባ ለስላሳ ይዤ ብርጭቆዬ ባዶ ሆኖ እንዳይገኝ፣ ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ እንድወጣ። ሰርጉ ላይ አጎቴ ቃል በቃል «በሞቴ» አሉኝ። ሳልጠጣ ወጣሁ። ይሄን የትኛውም መርፌ አይሰጥሽም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ ነጋዴ አክሮን፣ ኦሃዮ ውስጥ ሥራ ከሽፎበት ሆቴል ቆሞ የመጠጥ ሀራራ ያዘው። ያደረገው ስልክ ደውሎ ሌላ ጠጪ መፈለግ ነበር። ቦብ ስሚዝ የሚባል ቀዶ ሐኪም አገናኙት። ሲያገኘው የሄደው ሐኪሙን ለማዳን ብቻ አልነበረም፤ ራሱ ያን ቀን እንዳይጠጣ ነው። ዛሬ በብዙ አገር ያለው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ማኅበር ከዚያ ነው የወጣው። የኔ ቡድን በባለሙያ የሚመራ ሕክምና ስለሆነ ከዚያ ይለያል። ቁም ነገሩ ግን አንድ ነው። በስድስተኛው ወር ለአዲስ ገቢ ልጅ ሻይ ስቀዳለት፣ ከዓመታት በኋላ ለሰው የምጠቅም ሰው ሆንኩ።

ልዋሽሽ አልፈልግም፣ አገርሽቶብኛል። በዘጠነኛው ወር፣ የፋሲካ ዕለት። ሁለት ሳምንት ከቡድኑ ጠፋሁ። ጋሼ ደውለው «ወንበርህ ባዶ ነው» ብቻ ብለው ዘጉት። በማክሰኞው ተመለስኩ። ስድስት ዓመቱን የምቆጥረው ከዚያ ወዲህ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የዕፅ ሱስ ተቋም እንደሚለው ከታከሙት ከ40 እስከ 60 በመቶ ለሚሆኑት ያገረሻል፤ ከደም ግፊትና ከአስም ጋር ይቀራረባል። ደም ግፊቱ የጨመረበትን ሰው «ድሮም አትረባም» አንለውም። ወንድምሽ ላይም ይህ ቀን ቢመጣ ያን ቃል አፍሽ ላይ አስቀሪልኝ።

ሁሉም ቡድን ጥሩ ነው አልልም። አንድ ሌላ ቦታ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ሄጄ ትቻለሁ። መሪው ይቆጣል፣ ይሰብካል፤ አንድ ልጅ የተናገረው ነገር በሳምንቱ ሰፈር ውስጥ ተሰማ። ስለዚህ ከመግባቱ በፊት ጠይቁ። ማን ነው የሚመራው? ምስጢር እንዴት ይጠበቃል? ያገረሸበት ሰው ምን ይደረጋል? «ይባረራል» ካሏችሁ ሌላ ፈልጉ። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ካለው ወይም አቁሞም የሌለ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለብቻው ሐኪም ይየው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሄዳችሁ ስለ ሱስ ሕክምናው ጠይቁ። ሌላ ከተማ ከሆናችሁ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ይመራችኋል።

ስለ መድኃኒቱም ልጨምር። ሀራራን የሚቀንስ አለ፤ ናልትሬክሶን አንዱ ነው። ዳይሰልፊራም የሚባል ደግሞ አለ፤ እሱን ወስዶ የጠጣ ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል። አንዳንድ ቤተሰብ ይህን በወጥ ደብቆ ይሰጣል ሲባል ሰምቻለሁ። በምንም ዓይነት እንዳታደርጉት። ሳያውቅ ከጠጣበት ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ካወቀባችሁ ደግሞ ከእጃችሁ ዳግም አይበላም።

እናታችሁ «ከሚሰርቅ እኔ ልስጠው» ብለው ገንዘብ እንደሚሰጡት ጽፈሻል። የኔም እናት እንደዚያ ነበሩ። ሲስተሯ ቤተሰብ ስትጠራ መጥተው፣ ሌላዋን እናት ሲሰሙ ነው የተዉት። እኔ ዓመት ሙሉ ብነግራቸው አልሰሙኝም ነበር። አንቺም ሂጂ። ጽሑፍሽ ላይ እንቅልፍ እንደሌለሽ ያስታውቃል።

ሐሙስ ቀጠሮ አለው ብለሻል። ስለ ቡድኑ አትጨቅጭቂው። «ተኛና ታከም፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ ብቻ ሄደህ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ምንም አትናገር» በዪው። መናገር ግዴታ አይደለም። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ሲከብደው ወጥቶ አየር ይወስዳል። እኔ የመጀመሪያ ወሩን እዚያ ነው የተቀመጥኩት። ሐሙስ ሐኪሙ ያላችሁን እዚሁ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።