ገንዘብ ያዥ ሆናችሁ ለተመረጣችሁ

ይድረስ በየሙያ ማኅበራችሁ የገንዘብና የአስተዳደር ኃላፊነት ለተሰጣችሁ ወጣት ምሁራን፤

ብዙዎቻችሁ ፈልጋችሁት እንዳልገባችሁበት አውቃለሁ። ጠቅላላ ጉባኤው ሊበተን ሲል፣ ሰዉ ቦርሳውን እያነሳ ሳለ፣ ሰብሳቢው «ገንዘብ ያዥ ይጠቆም» ይላል። አዳራሹ ጸጥ ይላል። ከኋላ አንድ ሰው ስማችሁን ይጠራል፣ ሌላው ይደግፋል፣ ይጨበጨባል፤ አለቀ። እኔም የገባሁት እንዲሁ ነው። ያኔ ስለ ምርምሬ ሰዓታት ማውራት እችል ነበር፤ ተሰብሳቢና ተከፋይ ሒሳብ ለይተህ አሳይ ብባል ግን መልስ አልነበረኝም።

ማኅበር ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው ጆርናሉን፣ ዓመታዊ ጉባኤውንና ሽልማቱን ነው። እነዚህ የቆሙበትን መዝገብ የሚያስብ ጥቂት ነው። የምጽፍላችሁ ስለዚያ መዝገብ፣ ይልቁንም ዘግይቼ ስለተረዳሁት አንድ ነገር ነው፦ በማኅበሩ ስም ባንክ የተቀመጠው ገንዘብ ሁሉ የማኅበሩ አይደለም።

በመጀመሪያው ዓመት ሪፖርቴ ላይ አንድ ቁጥር አደመቅሁ፤ የባንኩን ቀሪ ሒሳብ። ካለፈው ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አዳራሹ አጨበጨበ። አንድ አባል እጁን አውጥቶ «አቅም ካለንማ የማኅበሩን ታሪክ የሚዘክር ልዩ እትም እናሳትም» አለ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ እኔም እጄን አወጣሁ። በሳምንቱ ለማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ፈረምሁ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ከአንዲት እናት ደብዳቤ ደረሰኝ። ባለቤታቸው የሙያችን ሰው ነበሩ፤ ሲያርፉ በስማቸው ለወጣት ተመራማሪዎች ሽልማት እንዲሰጥ ብለው እኒህ እናት ለማኅበሩ ገንዘብ አስረክበው ነበር። ደብዳቤው አጭርና ትሑት ነው፤ «በሽልማቱ ሒሳብ አሁን ስንት እንዳለ ቢገልጹልኝ፤ ልጨምርበት አስቤያለሁ።» ማታ መዝገቡን ይዤ ተቀመጥሁ። የሽልማቱ ሒሳብ የሚባል ነገር አልነበረም። ገንዘቡ በገባበት ቀን በአንድ መስመር «ልዩ ልዩ ገቢ» ተብሎ ሰፍሯል፤ ከዚያ ወዲያ ከመዋጮው ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል። ቀጥዬ ሌላውን አገላበጥሁ። ገና ላልተካሄደ ጉባኤ የተከፈለ የመመዝገቢያ ገንዘብ አለ። የሦስት ዓመት መዋጮ አስቀድመው የከፈሉ አባላት አሉ። ይህ ሁሉ ሲቀነስ ማኅበሩ የራሴ የሚለው ገንዘብ ያን ካስጨበጨበልኝ ቁጥር ሩቡን አይሞላም።

በማግስቱ ለኮሚቴው ነገርሁ። ልዩ እትሙ ቀረ፤ ቅድሚያ ክፍያው አልተመለሰም። ለእናቲቱ እውነቱን ጻፍሁላቸው። ገንዘባቸውን መልሰን ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ እስክናስቀምጥ ስድስት ወር ፈጀብን። ሊጨምሩ ያሰቡትን አልጨመሩም። ልክ ነበሩ።

ስለዚህ ቀሪ ሒሳቡን ለማንም ከማሳየታችሁ በፊት እያንዳንዱ ሳንቲም የማን እንደሆነ ጠይቁ። አስቀድሞ የተሰበሰበ መዋጮ፣ ዓመቱ ደርሶ አባሉ የሚገባውን እስኪያገኝ ድረስ ዕዳ ነው። ለሽልማት ወይም ለአንድ ፕሮጀክት የተሰጠ ገንዘብ ሰጪው ከተናገረው ውጭ አይነካም፤ ብድር ብላችሁም ቢሆን አትንኩት። የዕድሜ ልክ አባልነት ደግሞ በተለይ ያታልላል። አንዴ ዳጎስ ብሎ የሚገባው ክፍያ ደስ ይላል፤ አባሉ ግን ከዚያ በኋላ 40 ዓመት ጆርናሉ እንዲደርሰው፣ በቅናሽ እንዲመዘገብ፣ ድምፅ እንዲሰጥ መብት አለው። ያን ገንዘብ በአንድ ዓመት የጨረሰ ማኅበር ወጪውን የጫነው ገና ባልገቡ አባላት ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው ልታዝዙበት የምትችሉት፤ ከእሱም ላይ መጠባበቂያ ይነሳ። ስንት ይሁን ብትሉኝ፣ አንድ ጉባኤ ቢሰረዝና ለስድስት ወር ገቢ ቢቆም ማኅበሩን የሚያቆይ ያህል እላለሁ።

ይህ ስሕተት የጀማሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1660 የተመሠረተው የለንደኑ የሳይንስ ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ በ1686 የፍራንሲስ ዊሉግቢን «የዓሣዎች ታሪክ» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። ሥዕሎቹ የተዋቡ፣ ወጪያቸውም የበዛ ነበር፤ መጽሐፉ ግን አልሸጥ አለ። ወዲያው ፕሪንኪፒያ የተባለው የኒውተን ታላቅ የፊዚክስ መጽሐፍ ለኅትመት ሲቀርብ የማኅበሩ ካዝና ባዶ ሆኖ ተገኘ። በ1687 መጽሐፉ የወጣው የማኅበሩ ተቀጣሪ ጸሐፊ የነበረው ኤድመንድ ሃሊ ወጪውን ከኪሱ ስለሸፈነ ነው። ለእሱ ደግሞ የሚገባው 50 ፓውንድ ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ሳይሸጡ በቀሩት የዓሣ መጽሐፍ ቅጂዎች እንዲከፈለው ተወሰነ። የዓሣውን መጽሐፍ ለማሳተም የወሰኑት ሰዎች ሌቦች አልነበሩም፤ መጽሐፉን ወደውት ነው። እኔም ልዩ እትሙን ወድጄው ነበር።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚከብደው ይሉኝታ ነው። እናንተ ወጣት ናችሁ፤ ገንዘብ የሚጠይቋችሁ ደግሞ ያስተማሯችሁ ሰዎች ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፌን መስመር በመስመር ያረሙልኝ መምህሬ አንድ ቀን ከጉባኤ መልስ ቢሮዬ መጡ። የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪያቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈዋል። «ይህችን ቶሎ ጨርስልኝ» አሉኝ። ደረሰኝ የለም። እጄ ወደ ቼክ ደብተሩ ሄዶ ነበር። «ፕሮፌሰር፣ ደረሰኙን እንደላኩልኝ በዕለቱ እጨርሳለሁ» አልኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ፤ ሳይሰናበቱኝ ወጡ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሦስተኛው ቀን ደረሰኞቹ በፖስታ ታሽገው መጡ፤ አንድም የጎደለ የለም፤ ድምሩም ልክ። ቀድሞም ታማኝ ሰው ነበሩ። ያለ ደረሰኝ ብከፍላቸው ኖሮ ግን ኦዲተሩ ሲመጣ ጥያቄው የሚወድቀው በእሳቸው ስም ላይ ነበር።

ይህን እያንዳንዳችሁ ብቻችሁን ፊት ለፊት እንድትጋፈጡት አልመክርም። ገና ማንም ሳይጠይቃችሁ የወጪ አከፋፈል ደንብ በጽሑፍ አቅርባችሁ በኮሚቴው አጸድቁ። ያኔ «አልከፍልም» የምትሉት እናንተ አይደላችሁም፤ ደንቡ ነው። ቼክ በሁለት ፊርማ ይውጣ፤ ሁለተኛው ፈራሚም ሰነዱን አይቶ እንጂ በባዶ ቼክ ላይ አይፈርም። የኮሚቴ አባል ዘመድ ድርጅት ጨረታ ውስጥ ካለ አባሉ ከክፍሉ ይውጣ፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

ጉባኤ ስታዘጋጁ የሆቴሉን ውል ከመጨረሻው ገጽ ጀምራችሁ አንብቡ። አዳራሹ በርካሽ ወይም በነጻ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ክፍል እንይዛለን በሚል ቃል ነው። አባሎቻችሁ ረከስ ያለ ማደሪያ ሌላ ቦታ ካገኙ የጎደለውን ክፍል ሒሳብ የሚከፍለው ማኅበሩ ነው። የመሰረዣ አንቀጹንም አትዝለሉ። የአሜሪካ ፊዚካል ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. የ2020ን የመጋቢት ጉባኤውን በዴንቨር ሊያካሂድ ከ10,000 በላይ ተሳታፊ ይጠብቅ ነበር፤ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የሰረዘው ሊከፈት ሁለት ቀን እንኳ ሳይቀረው ነው። አንዳንዱ ተሳታፊ ከተማው ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለ ሌሊት ሲመጣ፣ ገንዘብ ያዡ ለማን ምን እንደሚመለስ ማወቅ ያለበት አስቀድሞ ነው።

ስለ ጆርናል ብዙ አልልም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ስሙ የማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2015 ሊንጓ የተባለው የሥነ ልሳን ጆርናል አዘጋጆች ከአሳታሚያቸው ጋር ሳይስማሙ ሲለቁ ስሙ ከአሳታሚው ጋር ቀረ፤ እነሱ ግሎሳ በሚል አዲስ ስም እንደገና መጀመር ነበረባቸው። ከአሳታሚ ጋር ውል ስትፈርሙ ከሚከፈላችሁ ድርሻ በፊት ይህን አንቀጽ ፈልጉ።

በመጨረሻም ርክክብ። በሙያ ማኅበር ሁሉም ሰው በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ይቀየራል፤ ባንኩ፣ ግብር ሰብሳቢውና አባላቱ ግን እዚያው ናቸው። ሥራውን ስረከብ የተሰጠኝ አንድ ካርቶን ሙሉ ደረሰኝና ማንም የማያስታውሰው የይለፍ ቃል ነበር። በባንክ ከተመዘገቡት ፈራሚዎች አንዱ ማኅበሩን ከለቀቁ ዓመታት አልፏቸዋል፤ እሳቸውን ፈልጎ ስማቸውን ለማስነሳት ብቻ አንድ ወር ተመላለስሁ። እናንተም ነገ ባንክ ሄዳችሁ በፈራሚነት የተመዘገቡት እነማን እንደሆኑ ጠይቁ።

እኔ ሳስረክብ ለተተኪዬ ሦስት ገጽ ጻፍሁላት። የመጀመሪያው መስመር የሽልማቱ ገንዘብ ነበር፦ ማን እንደሰጠው፣ በየትኛው ሒሳብ እንዳለ፣ ስንት እንደደረሰ፤ በየዓመቱ ሳይጠየቁ ለእናቲቱ መግለጫ የሚላክበት ቀንም ጭምር።