«አንገትህን አዙር» ያልኩት ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ከልምምድ በኋላ ጠብቆ አስቆመኝ። «ጋሼ፣ ኳሱ ሲመጣ አንገቴን ማዞር ለምን ያቅተኛል?» አለኝ። የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነው፣ ኮርነርባክ፦ ኳስ ተቀባዩን፣ ሪሲቨር የሚሉትን፣ እየተከተለ ኳሱን እንዳይዝ የሚከለክል ተከላካይ። «በልምምድ ይመጣል» ብዬው ሄድኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት አሰልጣኝ ሳለሁ አንድ የአበሻ ልጅ ነበረኝ። እናቱ ከሥራ በቀጥታ፣ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ትመጣለች። ሕጉ አይገባትም፤ ልጇ ሲሮጥ ታጨበጭባለች።

ልጁ ፈጣን ነው። ግን ዓይኑ ከሪሲቨሩ አይነቀልም። ኳሱን ሳያይ እየተጋጨ ዳኛው ሁለቴ ቢጫ ጨርቅ ጣለበት፤ ጥፋት ነው ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ «አንገትህን አዙር!» እያልኩ ጮህኩበት። አርብ ማታ አዞረ። ከሪሲቨሩ ሁለት እርምጃ ቀርቶ ነበር። ኳሱን ሲፈልግ ፍጥነቱ ወረደ፤ ትከሻው አንገቱን ተከትሎ ከመስመሩ አወጣው። ታችዳውን ገባ፤ ነጥብ ተቆጠረብን። እናቱ እያየች «ምን ነካህ?» ብዬ አምባረቅኩበት። ሄልሜቱን አወለቀና ቀስ ብሎ በአማርኛ «አዙር ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ።

ሰኞ አልመጣም። እናቱ ማሊያውን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ በፌስታል አድርጋ መለሰችልኝ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም።

ልጁ ልክ ነበር። አዙር አልኩት እንጂ መቼ እንደሆነ አላስተማርኩትም። ሪሲቨሩ የሚሄድበትን ያውቃል፤ ኮርነርባክ አያውቅም። ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይጀምራል፣ ዳሌውን ያዞራል፣ ከዚያ ጀርባውን ለኳሱ ሰጥቶ ይበራል። እጅህን ብትዘረጋ ሪሲቨሩን የምታገኘው ከሆነ፣ ዙርና ኳሱን ፈልግ። ወደ ኋላ ከቀረህ ግን አትዙር፤ መጀመሪያ ድረስበት። ዓይኑንና እጁን እይ። እጁ ለኳሱ ሲነሳ በመሃል እጅህን ስደድ። ኳሱ ሳይደርስ ግን እንዳትገጨው።

የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ቪዲዮውን አዘግይታችሁ «ምነው አላየም?» ትላላችሁ። ይሄ ነገር ያናድደኛል። ሜዳ ላይ ማን ያዘግይለት? ትልልቆቹም ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ኒው ኦርሊንስ ላይ የራምስ ቡድን ኮርነርባክ ኒኬል ሮቢ-ኮልማን ኳሱን ዞሮ ሳያይ፣ ኳሱም ሳይደርስ፣ የሴንትሱን ሪሲቨር ቶሚሊ ሉዊስን ገጨው። ዳኞቹ ዝም አሉ። ራምስ በጭማሪ ሰዓት 26 ለ 23 አሸነፈ። ጫጫታው ስለበረታ ሊጉ (NFL) ይህ ዓይነት ጥፋት ለአንድ የውድድር ዓመት በቪዲዮ ዳግም እንዲታይ አደረገ።

አትዙር እያልኩህ እኔ ራሴ የምወደው ዞሮ ኳስ የሚነጥቀውን ነው። ዝነኛውን ኮርነርባክ ዲዮን ሳንደርስን ሳይ ኳሱ የተወረወረው ለእሱ ይመስለኝ ነበር።

አንተ የቅዳሜው ልጅ፣ ማክሰኞ ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ና። ኳስ አንይዝም። በነጩ መስመር ላይ በግማሽ ፍጥነት ትሮጣለህ። ሳጨበጭብ አገጭህን ወደ ትከሻህ አምጣ፣ እግርህ ግን ከመስመሩ አይውጣ። ሃያ ጊዜ በቀኝ፣ ሃያ ጊዜ በግራ። አልጮህብህም።