መልስ፦ ሲልክሶንግ መጀመሪያ ዲኤልሲ ነበር ወይ?

አዎ ወንድሜ፣ የሰማኸው ልክ ነው፤ ሲልክሶንግ የተባለው የቪዲዮ ጌም መጀመሪያ የታሰበው የሆሎው ናይት ጌም ዲኤልሲ (በዋናው ጌም ላይ የሚጨመር ክፍል) ሆኖ ነው። ግን ዲኤልሲው ተሰርዞ ቀረ ከማለት አድጎ ራሱን ቻለ ማለት ይሻላል። የአውስትራሊያው ጌም ሠሪ ቡድን ቲም ቼሪ ለሆሎው ናይት በ2014 (በፈረንጅ) ኪክስታርተር በሚባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ላይ ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ ከታሰበው በላይ ከተገኘ ሁለተኛ ገጸ ባሕርይ እንጨምራለን ብሎ ነበር። እሷም ሆርኔት ሆነች።

ጣጣው የመጣው ልጅቷን መሥራት ሲጀምሩ ነው። ከናይቱ (ከሆሎው ናይት ዋና ገጸ ባሕርይ) ትረዝማለች፣ ትፈጥናለች፣ የገደል ጠርዝ ይዛ ትወጣለች፤ በእሱ ልክ የተሠራው የድሮው ካርታ ጠበባት። ፋርሉም የሚባል አዲስ አገር ሠሩላት፣ አዲስ አገር ደግሞ አዲስ ከተማና አዲስ ጠላት ይፈልጋል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ በ2019 ሙሉ ጌም ነው ብለው አወጁ። ከዚያ ጭጭ! የወጣው ሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 ነው፤ ያን ቀን የጌም መሸጫው ስቲም ራሱ በገዢ ብዛት ተንገዳግዷል። ኪክስታርተር ላይ ያዋጡት ግን በነፃ ነው ያገኙት፣ እዚህ ላይ ጨዋዎች ናቸው።

ልዩነቱን ለማየት ጤና ስትሞላ ልብ በል። ናይቱ አንድ ጭንብል (የጤና መለኪያው ነው) ብቻ ነው የሚሞላው፣ እሷ በአንዴ ሦስት። እዚህ ሐዋሳ ጌም ቤት ገብተህ አትድከም፣ ከፊፋ ሌላ የሚከፍትልህ የለም። ላፕቶፕህ ላይ ጫነው፣ ከባድ ማሽን አይፈልግም።