አዲስ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት ወደ ኩሬ ከመግባቱ በፊት

ጥያቄ፦ በቡሬ አካባቢ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። በኦክስጅን ከረጢት የመጡልኝን የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ጫጩቶች እንደደረሱ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ወዳለው ኩሬዬ ዘረገፍኳቸው። ብዙዎቹ በማግስቱ ሞተው ተንሳፈፉ፤ የቀሩት ጥቂቶች ደግሞ ሰውነታቸውን ከኩሬው ዳር ጋር ያሻሉ። በቅርቡ ሌሎች 200 ጫጩቶች ይመጡልኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከገለጹልን ሁኔታ እንደምንረዳው ሁለት ችግሮች ተደራርበዋል። በማግስቱ የሞቱት በድንገተኛ የውኃ ለውጥ የተጎዱ ይመስላሉ፤ ሰውነታቸውን የሚያሹት ደግሞ በቆዳቸውና በስንጥባቸው ላይ ጥገኛ ተውሳክ ያለባቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። አንዱን ማስተካከል ሌላውን አያድንም።

በመጀመሪያ ከኩሬው የተለየ ማቆያ ያስፈልግዎታል። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነና ወገብ የማይደርስ ጉድጓድ ቆፍረው ፕላስቲክ ካነጠፉበት በኋላ፣ ጫጩቶቹ ከመድረሳቸው ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ንጹሕ ውኃ ይሙሉበት። አንዳንዶች በዚያው ኩሬ ውስጥ መረብ ወጥረው ይህንኑ «ማቆያ» ይሉታል፤ ውኃው አንድ እስከሆነ ድረስ ግን ተውሳኩ በመረቡ ቀዳዳ ስለሚያልፍ የተለየ ነገር የለም።

ከመጫናቸው በፊት ለአንድ ቀን ያህል ምግብ እንዳይሰጣቸው ለአቅራቢው ይንገሩ። ከረጢቱ ሲደርስ ሳይፈታ፣ ፀሐይ በማያገኘው የማቆያው ጥግ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይንሳፈፍ። ቴርሞሜትር ከሌለዎት አንድ እጅዎን ከከረጢቱ ሥር፣ ሌላውን ከማቆያው ውኃ ውስጥ አድርገው ልዩነት እስኪጠፋ ይጠብቁ።

ከረጢቱ ከተፈታ በኋላ ግን መዘግየት አይገባም። በተዘጋ ከረጢት ውስጥ ዓሣው የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን አሲዳማ ስለሚያደርገው ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ መርዛማነቱ ይገታል፤ ሲከፈት ጋዙ ይተንና አሞኒያው ወደ መርዛማ መልኩ ይለወጣል። ስለዚህ የማቆያውን ውኃ በየሁለት ደቂቃው በጣሳ እየጨመሩ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሱ፤ ጫጩቶቹን በስስ መረብ አውጥተው የከረጢቱን ውኃ ከማቆያውም ከኩሬውም ርቀው ይድፉት።

ቀጥሎ የጨው መንከሪያው ይመጣል። በ20 ሊትር የማቆያ ውኃ ውስጥ በሚዛን የተለካ 200 ግራም የገበታ ጨው በደንብ አሟሙተው፣ ከ40 እስከ 50 ጫጩቶችን በአንድ ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያቆዩ። ጨው በመገመት ባይጨመር እንመርጣለን። የጨዉ ዮድ በዚህ መጠን አይጎዳቸውም። አጠገባቸው ሆነው ይከታተሉ፤ በጎኑ የተጋደመ ካለ ደቂቃው እስኪሞላ ሳይጠብቁ ወደ ማቆያው ይመልሱት። ከጉዞው ተዳክመው ውኃው ገጽ ላይ የሚያዛጉ ከሆነ ደግሞ መንከሩን ለማግስቱ ያስተላልፉት።

ጨው በቆዳ ላይ የሚገኙትን እንደ ትራይኮዲና ያሉ ተውሳኮች ያራግፋል፤ የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ተውሳክ ግን ከቆዳ ሥር ስለሚደበቅ አንድ ጊዜ በመንከር አይደረስበትም። በደጋ ቀዝቃዛ ውኃ ዕድገቱ ስለሚዘገይ ጫጩቶቹን ቢያንስ ለሦስት ሳምንታት በማቆያው እንዲያቆዩ እንመክራለን። መረብና ባልዲውን ለኩሬው አያውሱ።

በኩሬው የቀሩትን በተመሳሳይ ጨው ነክረው በሌላ ጉድጓድ ያስቀምጡና ኩሬውን አፍስሰው አፈሩ እስኪሰነጣጠቅ ያድርቁት። ተውሳኩን የሚገድለው በዋናነት መድረቁ ነው፤ ለእርሻ መሬት አሲድነት የሚቀርበው ኖራ የኩሬውን አፈር ያስተካክላል፤ መጠኑን ግን የቀበሌዎ ባለሙያ አፈሩን አይቶ ይወስን።

ወደ ኩሬው ሲያዛውሯቸው ከቀኑ 10 እስከ 11 ሰዓት ያለውን ጊዜ ይምረጡ። ብዙ ጊዜ ማለዳ ይመከራል፤ ነገር ግን ፍግ ተጨምሮበት አረንጓዴ በሆነ ኩሬ ውስጥ ኦክስጅን ከምንጊዜውም የሚያንሰው ጎህ ሲቀድ ነው።