ጥያቄና መልስ፦ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ መስማማት ይቻላል?

የዛሬው ርዕስ ድሮኖችና ሴንሰሮች ያለ አለቃ በአንድ ቁጥር ላይ እንዴት እንደሚስማሙ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ በየጊዜው ይቀያየራል። ጠይቁ፤ ግን ዝርዝሩን ይዛችሁ ኑ።

ሳሮን፦ ጋሼ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ካልተገናኙ እንዴት ይስማማሉ?

መልስ፦ በአንድ ጊዜ መገናኘት ግድ አይደለም። ሦስት ሴንሰሮች 18፣ 21 እና 27 ዲግሪ ይዘዋል እንበል። በአንድ ጊዜ የሚገናኙት ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛውና ሁለተኛው ተገናኙና መሃሉን ያዙ፤ 19.5። ቀጥሎ ሁለተኛው ከሦስተኛው፤ 23.25። እንደገና አንደኛው ከሁለተኛው፤ 21.375። እንዲህ እያሉ የሦስቱ አማካይ ወደሆነው ወደ 22 ይጠጋሉ። ሦስቱም አንድ ላይ የተገናኙበት ቅጽበት የለም፣ አየሽ? ተመራማሪዎቹ ጃድባባይ፣ ሊንና ሞርስ በ2003 እ.ኤ.አ. ያረጋገጡት ይህንኑ ነው። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የታዩት ግንኙነቶች ሲደመሩ ሁሉንም ካያያዙ፣ ይህም ሳይቋረጥ ከተደጋገመ፣ ይበቃል። ግን ልብ በሉ፦ መስማማት ሌላ፣ በአማካዩ ላይ መስማማት ሌላ።

ድሮን ሰሪ፦ የኔ አልሠራ አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ ነው ያልሠራው? ስንት ድሮን ነው? ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ናቲ፦ ይሄ የብሎክቼይን ነገር አይደል?

መልስ፦ አይደለም።

ሀናን፦ ለምን? ሰርቨሮች የሚስማሙበት ዘዴ፣ ራፍትም እኮ ስምምነት ነው።

ናቲ፦ ራፍት መሪ ይመርጣል፤ እዚህ አለቃ የለም ተብሏል።

ሀናን፦ መሪው ሲጠፋ ሌላ ይመረጣል። ያው መቀያየር ነው።

መልስ፦ በቃ፣ ወደ ርዕሳችን። ራፍት ሰርቨሮች አንድ ዓይነት መዝገብ እንዲይዙ ነው። የኛ መሃሉን መፈለግ ነው።

ድሮን ሰሪ፦ አምስት ናቸው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከፍታቸውን ያማክላሉ። ይስማማሉ፣ ግን አማካዩ ላይ አይደለም።

መልስ፦ አሁን ጠየቅከኝ! መልእክት እየጠፋብህ ነው። በሴንሰሮቹ ምሳሌ አንደኛው ሰምቶ 19.5 ቢይዝ፣ ሁለተኛው ሳይሰማ 21 ላይ ቢቀር፣ ድምሩ ከ66 ወደ 67.5 ይወጣል። ከዚያ ወዲያ አንድም መልእክት ባይጠፋ እንኳ ሁሉም 22.5 ላይ ነው የሚስማሙት። ማረጋገጫ ልላክ እንዳትለኝ፤ ማረጋገጫውም ይጠፋል። ይልቅ እያንዳንዱ ድሮን ከቁጥሩ ከፍሎ ለጎረቤቱ ይስጥ፤ ሲልክ ግን እስካሁን የሰጠውን ጠቅላላ ይላክ፤ ተቀባዩ ቀድሞ የደረሰውን ይቀንስ። አንዱ ቢጠፋ ቀጣዩ ያካክሰዋል። ከቁጥሩ ጋር ክብደት የሚባል፣ ከ1 የሚነሳ ሌላ ቁጥርም እንደዚያው እየተከፈለ አብሮ ይሂድ፤ ግምቱ ቁጥሩ ለክብደቱ ሲካፈል ነው። አሁንም እላለሁ፦ መስማማት ሌላ፣ አማካዩ ሌላ።

ሳሮን፦ አንዱ ግትር ሆኖ ቁጥሩን አልቀይርም ቢልስ?

መልስ፦ አንድ ብቻ ሁሉንም ወደ ራሱ ይጎትታል። ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።

ናቲ፦ ሁሉም በአንድ ጊዜ ካልተገናኙስ?

መልስ፦ ናቲ፣ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ እንጂ! ድሮን ሰሪ፣ ኮዱን ከመቀየርህ በፊት የአምስቱን ድምር በየዙሩ መዝግብ። ድምሩ ከመነሻው የተንሸራተተበት ዙር ላይ ነው መልእክት የጠፋብህ።