ጥያቄና መልስ፦ በጨለማው ዋሻ ውስጥ መፍራታችን እምነት ስለጎደለን ነውን?

ጥያቄ

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። ለልደት በዓል ከማኅበራችን ጋር ወደ ላሊበላ ስንሄድ ታናሽ እኅቴን ይዤ ነበር። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚያወጣውና የሲኦል ምሳሌ ነው በሚባለው ጨለማ ዋሻ ስናልፍ፣ እኅቴ መካከል ላይ ስትደርስ እግሯ ተሳሰረ፤ «መቃብር ውስጥ ነን፣ አየር የለም» እያለች መጮኽ ጀመረች። ከኋላ ሰው ይገፋል፣ ከፊት ምንም አይታይም። እኔም ልቤ ከዳኝ። የስልኬን መብራት ባበራ «አጥፊው፣ አይፈቀድም» የሚል ድምፅ ሰምቼ አጠፋሁት። በዚህ ጊዜ አንዲት የማላውቃቸው እናት ከኋላዬ ነጠላዬን ያዝ አድርገው «አይዞሽ ልጄ፣ የእኅትሽን እጅ አትልቀቂ፣ እኔም አንቺን አልለቅሽም» አሉኝና «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ጀመሩ። ሰውም ሁሉ እየተቀበላቸው ቀስ በቀስ ወጣን። በመልሱ ጉዞ ግን አንድ የማኅበራችን ወንድም «እምነት ያለው ሰው አይፈራም፤ እናንተ በሰው እጅ ተንጠለጠላችሁ፣ በሰው የሚታመን ርጉም ነው ተብሎ ተጽፏል» አለን። ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን መብራት በጠፋ ቁጥር ልቤ ይመታል፤ እኅቴም ብቻዋን መተኛት ትታለች። ፍርሃታችን ኃጢአት ነውን? ወይስ ከዚያ ቦታ አንዳች መንፈስ ተከትሎን ይሆን?

መልስ

ውድ እኅታችን፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከአንቺና ከእኅትሽ ጋር ይሁን። ልባችሁ በጥርጥር እንዳይቆይ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ በዚያ ጨለማ መፍራታችሁ ኃጢአት አይደለም፤ ቀኖና የሚቀበሉበትም ነገር አይደለም። ለንስሐ አባታችሁ ብትነግሩት መልካም ነው፤ የምትነግሩት ግን እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ ጭንቀት ነው። የተባላችሁት ቃል ግን መታረም አለበት፤ እንዲህ ያለ ቃል ብዙ ምእመናንን ሲጎዳ አይቻለሁና።

በመጀመሪያ ያለፋችሁበትን ቦታ እናስተውል። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የኢየሩሳሌም ምሳሌ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝ፣ ጎልጎታ የሚባል ቤተ ክርስቲያን፣ የአዳም መቃብር የሚባልም ስፍራ አለ። በመካከላቸው ብርሃን የማይገባበት መተላለፊያ የሲኦል ምሳሌ ሆኖ ሲሰጥ፣ የአዳም ልጆች 5500 ዘመን በጨለማ የኖሩበትን ሁኔታ ምእመኑ በጆሮው ከመስማት አልፎ በገዛ እግሩ ሄዶ እንዲያውቀው ነው። እንግዲህ የሲኦል ምሳሌ በሆነ ስፍራ ውስጥ የገባ ሰው ልቡ ቢርድ ምን ያስደንቃል? እኔስ ምንም ሳይሰማው፣ እየተሳሳቀ አልፎ የሚወጣው ሰው ከቦታው ትምህርት ብዙ ያመለጠው ይመስለኛል። ደግሞም የትንሣኤውን ሥዕል ልብ ብለሽ ተመልከቺ። ጌታችን ከመቃብር የሚያወጣው አዳምን ብቻ አይደለም፤ አዳምንና ሔዋንን ሁለቱንም እጃቸውን ይዞ ነው። ከሲኦል የወጣነው በእጅ ተይዘን ነው፤ አብረንም ነው።

አሁን ወደ ወንጌል እንሂድ። በክርስትና ታሪክ ውስጥ ወደ መቃብር ገብተው በፍርሃት ከወጡ ሰዎች ሁሉ የሚቀድሙት ቅዱሳት አንስት ናቸው። ቅዱስ ማርቆስ ማርያም መግደላዊትን፣ የያዕቆብን እናት ማርያምንና ሰሎሜን በስም ይጠራቸዋል። ገና ማለዳ ሽቱ ይዘው ሲሄዱ እርስ በርሳቸው «ድንጋዩን ከመቃብሩ ደጃፍ ማን ያንከባልልልናል?» ይባባሉ ነበር። መልስ አልነበራቸውም። ድንጋዩ ትልቅ እንደ ሆነ ያውቃሉ፣ መፍትሔ የላቸውም፣ ነገር ግን አንዷም ወደ ኋላ አልተመለሰችም። መንገዱን ያስቻላቸው ስጋታቸውን ሳይደብቁ እየተነጋገሩ አብረው መሄዳቸው ነው። ወደ መቃብሩ ገብተው መልአኩን ባዩ ጊዜ ደግሞ ደነገጡ፤ ወንጌላዊውም «ወጥተውም ከመቃብር ሸሹ፤ መንቀጥቀጥና መደንገጥ ይዞአቸው ነበርና» ብሎ ጻፈላቸው (ማር. 16፥8)። እነዚህ የሸሹና የተንቀጠቀጡ ሴቶች ትንሣኤውን ለሐዋርያት ያበሠሩ ናቸው። ቅዱስ ማቴዎስ ያንኑ ጊዜ ሲጽፍ «በፍርሃትና በታላቅ ደስታ» ከመቃብር ፈጥነው ሄዱ ይላል (ማቴ. 28፥8)። ፍርሃትና ታላቅ ደስታ በአንድ ልብ ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሩጫ! ጌታም በመንገድ ሲገናኛቸው ስለ ፈሩ አልገሠጻቸውም፤ «ደስ ይበላችሁ» አላቸው፣ ቀጥሎም «አትፍሩ» አላቸው። በጌታ አፍ ይህ ቃል ወቀሳ አልነበረም፤ በዋሻው ውስጥ እኒያ እናት «አይዞሽ ልጄ» እንዳሉሽ ያለ ማጽናኛ ነበር።

ከዚህ የሚበልጥም ምስክር አለን። ጌታችን በጌቴሴማኒ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ሲሄድ ሊደነግጥና ሊተክዝ ጀመረ፤ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ አዘነች፤ በዚህ ቆዩ፣ ከእኔም ጋር ትጉ» አላቸው። ይህን ስንናገር መጠንቀቅ ይገባናል፤ ጌታችን ሞትን ማሸነፍ ተስኖት ወይም ሰው አጋዥ አስፈልጎት አይደለም። ከኃጢአት በቀር የእኛን ሥጋ በእውነት እንደ ተዋሐደ ሊያስረዳ በፈቃዱ የተቀበለው ነው። ነገር ግን እርሱ በፈቃዱ የተቀበለውን ድንጋጤ በእኛ ላይ ሲታይ «ክህደት ነው» ብንል፣ ደቀ መዛሙርቱን «ከእኔ ጋር ትጉ» ማለቱንስ ምን እንለዋለን? ነቢዩ ዳዊትም «በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ አንተ ከእኔ ጋር ነህና ክፉን አልፈራም» ሲል ምክንያቱን አብሮ ተናግሯል። የማይፈራው ጎበዝ ስለ ሆነ አይደለም፤ ብቻውን ስላልሆነ ነው።

ያ ወንድም የጠቀሰውን ቃል ደግሞ ሙሉውን እናንብበው። «በሰው የሚታመን ሥጋ ለባሹንም ክንዱ የሚያደርግ ልቡም ከእግዚአብሔር የሚመለስ ሰው ርጉም ነው» (ኤር. 17፥5)። ርግማኑ ልቡን ከእግዚአብሔር ለመለሰ ሰው ነው። የእናንተ ልብ በዚያ ሰዓት የት ነበረ? አፋችሁ «መሐረነ» እያለ ክርስቶስን ይጠራ ነበር፤ እጃችሁም እርስ በርሱ ተያይዞ ነበር። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ምን ጠብ አለ? ሙሴ ከአማሌቅ ጋር በተደረገው ጦርነት እጁ በዛለ ጊዜ አሮንና ሆር ግራና ቀኝ ሆነው እጁን ደግፈው እስከ ፀሐይ መግቢያ አቆዩት፤ ድሉ የእግዚአብሔር መሆኑ በዚህ አልቀረም። አልዓዛርንም ከመቃብር የጠራው ጌታ ራሱ ነው፤ የመግነዙን ነገር ግን በዙሪያው ለቆሙት «ፍቱትና ይሂድ ተዉት» ብሎ ተወላቸው (ዮሐ. 11፥44)። ሙት ማስነሣት የቻለ መግነዝ መፍታት አቅቶት አልነበረም፤ ከመቃብር የሚወጣውን ሰው ወንድሞቹና እኅቶቹ እንዲረዱት ስለ ወደደ ነው። ጥቅስን ከመካከሉ ቆርጦ በደነገጠ ሰው ላይ እንደ አርጩሜ ማንሣት ግን የመምህራን ልማድ አይደለም። ለዚያ ወንድም በቁጣ ሳይሆን በለሆሳስ ይህንኑ ንባብ ሙሉውን አሳዪው።

መንፈስ ተከትሎን ይሆን ወይ ስላልሽው፣ ይህ ሐሳብ ከብዙ ሰው የሚሰማ ነው፤ በመቃብር ይኖር የነበረው አጋንንት ያደሩበት ሰው በወንጌል ስለ ተጻፈም (ማር. 5) ይመስለኛል። ነገር ግን የአባታችንን የቅዱስ እንጦንስን ገድል አስቢ። ታሪኩን የጻፈልን ለሀገራችን የመጀመሪያውን ጳጳስ አቡነ ሰላማን የሾመልን ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። እንጦንስ በወጣትነቱ ከመንደሩ ራቅ ባለ መቃብር ውስጥ ገብቶ ሲዘጋ ብቻውን አልነበረም፤ በሩን ከውጭ የሚዘጋለትና እንጀራ የሚያመጣለት አንድ ወዳጅ ነበረው። አጋንንት ደብድበው እንደ ሞተ ሰው በጣሉት ጊዜ ያ ወዳጅ ተሸክሞ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ወሰደው። በእኩለ ሌሊት ነቅቶ ሲያይ ሌላው ሁሉ ተኝቷል፣ ያ ወዳጁ ብቻ ነቅቶ ይጠብቀዋል፤ ወደ መቃብሩም መልሶ የተሸከመው እርሱ ነው። በመጨረሻ ብርሃን ከላይ ሲወርድለት እንጦንስ ጌታን የት እንደ ነበረ ጠየቀ፤ የተሰጠው መልስም ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው እንደ ነበረ፣ ተጋድሎውን ለማየት እንደ ቆየ የሚል ነበር። ያን ጊዜ እንጦንስ ዕድሜው 35 ዓመት ገደማ ነበር። የመነኮሳት አባት የተባለው ይህ ሰው በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ወደ መቃብር ከተመለሰ፣ እናንተ በአንዲት እናት እጅ ተይዛችሁ ብትወጡ ማን ሊነቅፋችሁ ይችላል? እናንተ ያለፋችሁበት ቦታ ደግሞ ጸሎት የማይለየው የተቀደሰ ስፍራ ነው። ከመቅደስ መንፈስ ርኩስ ይዘን መጣን ብላችሁ አትጨነቁ።

ስለ ስልኩ መብራት አጭር ነገር ልበል። በዋሻው ያለ መብራት ማለፍ የተሳላሚዎች መልካም ልማድ ነው እንጂ የሚያስኮንን ሕግ አይደለም። ሰው መተንፈስ ሲያቅተውና የኋላው የፊቱን ሲገፋ መብራት አብርቶ ማረጋጋት ከልማዱ ይበልጣል፤ ሰንበት ስለ ሰው መሠራቱን የነገረን ጌታ ነውና። ጉዞ የሚያዘጋጁ ማኅበራትም ምእመናኑ ከመግባታቸው በፊት ዋሻው ምን እንደሚመስል፣ አንድ እጅ ግድግዳውን መዳሰስ እንዳለበት፣ ጣራው ዝቅ ስለሚል ራስን መጠበቅ እንደሚገባ ቢነግሩ፣ ሕፃናትንና ድንጉጦችንም በሁለት ብርቱዎች መካከል ቢያደርጉ ከብዙ ድንጋጤ ያድናሉ።

አሁን በቤታችሁ ስላለው ነገር። ልብሽ የሚመታው ሥጋሽ ያን ሰዓት ስላልረሳው ነው፤ ይህም ቀስ በቀስ የሚሽር ነው። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንቺና እኅትሽ አብራችሁ ቁሙ፤ አቡነ ዘበሰማያትንና ሰላም ለኪን፣ ቀጥሎም በዋሻው ውስጥ ያላችሁትን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አንዳችሁ እያላችሁ ሌላችሁ እየተቀበላችሁ ጸልዩ። በአንድ አፍ መጮኽና ተራ በተራ መቀባበል እጅግ የተለያዩ ናቸው፤ የሚቀበል ሰው የሌላውን ድምፅ መስማት አለበት፣ ለመስማትም ትንፋሹን መሰብሰብ አለበት። መብራት በጠፋ ጊዜ ሻማው የት እንዳለ ሁለታችሁም እወቁ፤ እስኪበራ ድረስም አንዳችሁ ሌላችሁን በስም ጥሩ። ጠበል መጠጣትም መጠመቅም መልካም ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ እኅትሽም ትምህርቷን ወይም ምግቧን ከተወች፣ ወደ ሐኪም ውሰጃት፤ ወንጌልን ከጻፉልን አንዱ ሐኪም ነበር፣ ስለዚህ ማንም «እምነትሽ ደከመ» ቢልሽ አትስሚው።

እኅትሽን ግን ፍርሃቷን እንድታሸንፍ ብለሽ በግድ ወደ ጨለማ ክፍል አታስገቢያት፤ «አንቺ ፈሪ» የሚል ቃልም በቤታችሁ አይሰማ። ወደፊት ወደ ላሊበላ ብትሄዱና ወደ ዋሻው መግባት ባትወድ፣ ከደጅ ሆና ጸልያ ብትመለስ በረከቷ አይጎድልባትም። ልግባ ካለች ደግሞ አንቺ ከፊቷ ሁኚ፣ ሌላ የምታምኑት ሰው ከኋላዋ ይሁን፤ እጇንም እስክትወጡ ድረስ አትልቀቁ።