የደፈረሰ የፊት መብራት በቤት ይጠራል ወይ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አሮጌ ቪትዝ አለችኝ። የፊት መብራቶቿ ቢጫ ሆነው ደፍርሰዋል። ሰፈራችን ላቫጆ የሚሠራ ልጅ በጥርስ ሳሙና አሸልኝና ውኃ መሰለ። ሁለት ወር ሳይሞላው ግን ከበፊቱ ብሶ ቁጭ አለ። ወንድሜ በቤንዚን ጥረጊው ይለኛል። አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ደግሞ ሁለቱንም ካልቀየርሽ መፍትሔ የለውም አለኝ፤ የጠራልኝ ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። ከሥራ የምወጣው ሲመሽ ነው። ልጆቼን ጭኜ ወደ ቤት ስነዳ ያስፈራኛል። ቤቴ ሆኜ ላጠራው እችላለሁ? ምን ምን ልግዛ?» የሁለት ልጆች እናት፣ ከጀሞ

መልስ፦ እህቴ፣ ትችያለሽ። የአንድ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይበቃሻል። የወንድምሽን ቤንዚን ግን እባክሽ አታስጠጊው። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ምንም ነገር ከመግዛትሽ በፊት ይህን ሞክሪ። መብራቱን በሳሙና አጥበሽ አድርቂው። ከዚያ ጣትሽን ውኃ ነክረሽ የደፈረሰው ቦታ ላይ አስኪጂው። እርጥቡ መስመር ለጊዜው ጥርት ብሎ ሲደርቅ ተመልሶ ከደበዘዘ ጉዳቱ ከውጭ ነው። እሱ በእጅ ይነሳል። እርጥብ ሆኖም ካልጠራ ጉዳቱ ከውስጥ ነው ወይም ፕላስቲኩ ራሱ ተሰነጣጥቋል፤ ያኔ ባለሱቁ እውነቱን ነው። እስካሁን ካየኋቸው ቢጫ መብራቶች አብዛኞቹ ግን ጉዳታቸው ከውጭ ነበር።

የድሮዎቹን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች ታስታውሻለሽ? የፊት መብራታቸው ጠርሙስ ነው። ጠርሙስ ይሰበራል እንጂ ፀሐይ ቢጫ አያደርገውም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ሕጓን አሻሽላ የፕላስቲክ መብራት ከፈቀደች ወዲህ ፋብሪካዎቹ ፖሊካርቦኔት ወደሚባል ፕላስቲክ ዞሩ። ቀላል ነው፣ ጠጠር ቢመታው አይረግፍም፣ እንደተፈለገው ይቀረጻል። ሁለት ደካማ ጎን ግን አለው። ቶሎ ይጫራል፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም ይበላዋል። ስለዚህ ፋብሪካው ላዩን ስስ መከላከያ ይቀባዋል። መኪናሽን የሚጠብቃት ያ ቅብ ነበር።

አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀኑን ሙሉ ደጅ የምትቆም መኪና ያንን ሁሉ ትጠጣለች። ልብ ብለሽ ከሆነ መብራቱ ይበልጥ የሚቢጨው ከላይ፣ ወደ ኮፈኑ የተጠጋው በኩል ነው። ፀሐይ የሚያርፈው እዚያ ነዋ።

የላቫጆው ልጅ አልዋሸሽም። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ጥርስ የሚፈገፍግ ደቃቅ ዱቄት አለ፤ ቢጫውን ሽፋን በጥቂቱ ያነሳል። ከቢጫው ጋር ግን የተረፈችውን የፋብሪካ ቅብ አብሮ ይወስዳታል። በምትኩ የሚያለብሰው ነገር የለም። ራቁቱን የቀረ ፕላስቲክ ደግሞ ቶሎ ተመልሶ ይቃጠላል። ሥራው ሁለት ግማሽ ነው፤ ማንሳትና ማልበስ። ሰው ሁሉ የሚዘለው ማልበሱን ነው።

ቤንዚንና ቲነር ፖሊካርቦኔትን ያሰነጣጥቁታል። ሲነካው መጀመሪያ የጸዳ ይመስላል። ቆይቶ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ስንጥቅ ይወጣበታል፤ እሱን ምንም አያነሳውም። ይህን የምጽፈው ደርሶብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የደንበኛ ኮሮላ መብራት በቲነር ጠርጌ አበላሽቻለሁ። ከደመወዜ ከፍዬ ነው የተካሁት።

አሁን ወደ ግዢው። የመኪና ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ ሂጂና በውኃ የሚሠራውን ጥቁር የብርጭቆ ወረቀት ጠይቂ። ቁጥር 800፣ 1000፣ 1500 እና 2000፣ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ይበቃል። የወረቀት ፕላስተር፣ ውኃ መርጫ ጠርሙስ፣ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ጨምሪ። ዋናው ግን ክሊር የሚባለው፣ መልክ የሌለው የመኪና ስፕሬይ ነው። ጣሳው ላይ ዩቪ (UV)፣ ማለትም ያንን አልትራቫዮሌት ጨረር፣ እንደሚከላከል የተጻፈበትን ምረጪ። ያልተጻፈበት ያብረቀርቃል እንጂ አይጠብቅም።

ቀኑ ዝናብ የሌለበት ይሁን፤ ቦታውም ጥላ። መብራቱን እጠቢና ዙሪያውን፣ ኮፈኑንና ፓራውልቱን ጨምሮ፣ በፕላስተር ሁለት ዙር ሸፍኚ። የብርጭቆ ወረቀቱ አንድ ጊዜ ቀለሙን ከነካ ሌላ ወጪ ነው። ወረቀቶቹን አሥር ደቂቃ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊያቸው።

በ800 ጀምሪ። ውኃ እየረጨሽ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጥ ባለ መስመር ፈግፍጊ። በክብ አትዙሪ። መጀመሪያ እጅሽ ሥር ሸካራ ሆኖ ይሰማሻል፣ ሲፋጭም ይሰማል። የሚወርደው ውኃ ቢጫ፣ ያደረ አጥሚት የመሰለ ይሆናል። ቢጫው ውኃ እየነጣ ወተት ሲመስል፣ እጅሽም ሳይደናቀፍ ሲንሸራተት፣ የሞተው ቅብ ወርዷል። ጠርገሽ እዪው። አንድ ቦታ ላይ ደሴት የመሰለ የሚያብረቀርቅ ነገር ከቀረ ቅቡ አልወረደም፤ ተመለሺበት። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። በ800 ያልወረደ ቢጫ በ2000 አይወርድም።

በዚህ ሰዓት መብራቱ ከበፊቱ ይልቅ ነጭ ድፍን ብሎ ታገኚዋለሽ። ውርጭ የመታው መስኮት ይመስላል። አትደንግጪ፣ እንደዚያ መሆን አለበት።

ሁሉንም እጠቢና በ1000 ከላይ ወደ ታች ፈግፍጊ። የ800ን አግድም ጭረቶች እስኪያጠፋ ድረስ ነው። ቀጥሎ 1500 አግድም፣ ከዚያ 2000 ወደ ታች። በየመሃሉ ማጠቡን አትርሺ፤ አንዲት የ800 አሸዋ ከቀረች የሠራሽውን ሁሉ ትጭርብሻለች።

ኮምፓውንድ የሚባለውን የመኪና ማወልወያ ልቀባው ወይ ብለሽ ታስቢ ይሆናል። ክሊር የምትረጪ ከሆነ አትንኪው። ኮምፓውንድ ቅባት ይተዋል፤ ክሊሩ አይዝም፣ ከጊዜ በኋላም ይላጣል። የ2000ን ደቃቅ ጭረት ክሊሩ ራሱ ገብቶ ይሞላዋል። በደንብ አድርቂ፣ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ፣ ከዚያ በኋላ በእጅሽ አትንኪው። ጣሳውን አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አርቀሽ በጣም በስሱ እርጪ። አሥር ደቂቃ ቆይተሽ ድገሚ፣ ደግሞም ሠልሺ። በአንዴ ላወፍረው ካልሽ ይወርዳል። የመጀመሪያው ርጭት ሲያርፍ ያ ድፍን ነጭ ዓይንሽ እያየ ይጠራል፤ ከውስጥ ያለውን አምፖል ጥርት አድርገሽ ታዪዋለሽ። ለሁለት ቀን አትጠቢው። ስትረጪ ልጆቹ ቤት ውስጥ ይሁኑ።

ከዚህ የሚጠነክር ማጠንከሪያ እየተቀላቀለ የሚረጭ ክሊር አለ። ዕድሜው ይረዝማል፤ ትነቱ ግን ሳንባ ይጎዳል። እሱን ትክክለኛ ጭንብል ላለው ቀለም ቀቢ ተይለት። አንቺ ፈግፍገሽ ጨርሰሽ እሱ ክሊሩን ብቻ ቢረጭልሽ ወጪው በጣም ይቀንሳል። በቪዲዮ የሚታየውን፣ ኬሚካል አፍልቶ በእንፋሎቱ የሚያጠራውን ዘዴ ግን ቤትሽ አታስገቢ። እንፋሎቱ መርዝ ነው፤ አልባሽም አይደለም፣ የፕላስቲኩን ገጽ አቅልጦ ማለስለስ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው መብራቱን የሚያስታውሰው ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ነው። እኔን ያስታወሰኝ ጣርማ በር ነው። ከደሴ ስመለስ መሽቶብኝ ከደብረ ሲና ሽቅብ እየወጣሁ ነበር። ጉም ወርዷል። የራሴ መብራት ቢጫ ነበር፤ የሰው ስሠራ የራሴን ትቼው። ግራጫ ጋቢ የለበሰ ሰው ጭድ የጫኑ ሁለት አህዮች እየነዳ ነበር። ያየሁት አሥር እርምጃ ሲቀረኝ ነው። ፍሬኑ ያዘልኝ። ሰውየው ዘወር ብሎ አየኝና መንገዱን ቀጠለ። እኔ ግን ዳር ይዤ ቆምኩ፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ሲፈትሽ፣ ያረጀ የፊት መብራት አጭሩ ሲበራ የሚሰጠው ብርሃን ከአዲሱ 22 በመቶ ብቻ እስከመሆን ሊወርድ እንደሚችል አግኝቷል። ያንን ቁጥር ሳነብ የታየኝ ያ ጋቢ ነው። መንገዳችን ዳር ሁልጊዜ ሰው አለ። ስለዚህ ማታ ስትነጂ መፍራትሽ ልክ ነው፤ እስክትሠሪው ድረስም ፍጥነትሽን ቀንሺ።

መብራቱ ጠርቶም ብርሃኑ ካነሰሽ አምፖሉን እዪ። የድሮዎቹ ቪትዞች ኤች4፣ 60/55 ዋት ነው የሚይዙት። የአምፖሉ መስታወት ውስጡ ከጠቆረ ሁለቱንም አምፖሎች አንድ ላይ ቀይሪ። ባለ100 ዋት ግቢ የሚልሽን አትስሚ፤ ሽቦውንና ሶኬቱን ያቀልጠዋል። ለተራ አምፖል በተሠራ መብራት ውስጥ ርካሽ ኤልኢዲ መክተትም ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውረዋል።

ጥያቄ፦ «የዶልፊን ሚኒባስ ሹፌር ነኝ። መብራቴ ውስጥ ውኃ ይቋጥራል። በመሰርሰሪያ ከታች ልብሳው?» ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትብሳው። በቀዳዳው አቧራም ይገባል፤ አቧራ ደግሞ ከውስጥ አይጠረግም። ጠዋት ጠዋት ስስ ጉም ብቻ ከሆነና መብራቱን አብርተህ ጥቂት ስትነዳ ከጠፋ ችግር የለውም፤ መብራት መተንፈሻ አለው። ውኃው ከታች ከተጠራቀመ ግን መጀመሪያ ከኋላ ያለውን የጎማ ክዳን ተመልከት። አምፖል የቀየረልህ ሰው አጥብቆ ሳይመልሰው ቀርቶ ይሆናል። ክዳኑ ደህና ከሆነ መብራቱን አስፈትተህ፣ አምፖሉን አውጥተህ፣ ቀዳዳውን ወደ ታች ደፍተህ ጥላ ያለበት ደረቅ ቦታ አንድ ቀን አሳድረው። ከዚያ የመብራቱ የፊት ሽፋንና የኋላ ቤቱ የተጣበቁበትን መስመር በጣትህ ተከተል። የተላቀቀው ቦታ ጥፍርህን ያስገባል። እዚያ ላይ ብቻ ሲሊኮን ሙላበት፤ መተንፈሻውን እንዳትደፍን ግን ተጠንቀቅ።